አማቴን ጭና የምትፈላ ቤት

መኪና ያለው ሰው የመኪና ሐሳብ አለበት። ቤት ያለውም የቤት ሐሳብ አለበት። እኔ ሁለቱን ሐሳብ በአንድ ታርጋ የገዛሁ ሰው ነኝ። ጣሪያዬ ሲያፈስ ጎማዬ ይተነፍሳል፤ ጎማዬን ስጠግን የወጥ ቤቴ ቁም ሣጥን ራሱን ከፍቶ ድስት ይወረውርብኛል። ደግሞ የሚያዝንልኝ የለም። ቤቱ መንገድ ላይ ፈልቶ የቆመበት ሌላ ሰው የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አገናኙኝ፤ ዕድር እናቋቁማለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሊቲ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ አንዲት ረዥም ነጭ መኪና ለዓመታት ቆማ ነበር። አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር እናያለን ብለው የተነሱ ባልና ሚስት ፈረንጆች እዚህ ሲደርሱ ወይ እነሱ ወይ ሞተሩ ደክሟቸው፣ እሷን ትተው በአውሮፕላን አገራቸው ገቡ። ውስጧ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ የእጅ መታጠቢያ አለ። በስተኋላ ደግሞ አንዲት ጠባብ በር አለች። በሯን ስከፍታት መጸዳጃ ቤት ሆና አገኘኋት። እዚያው ቆሜ ልገዛት ወሰንኩ።

ሌላው ሰው መኪና ሲገዛ ሞተር ያያል፣ ጎማ ይረግጣል፣ ኮፈን ከፍቶ ያልገባውን ነገር በአድናቆት ይመለከታል። እኔ መጸዳጃውን አይቼ ገዛሁ። ሞኝ አትበሉኝ። ወይም በሉኝ፤ ግን ምክንያቴን ከሰማችሁ በኋላ።

ምክንያቴ አማቴ ናቸው። አባባ ወርቁ ዕድሜያቸውን የድሮውን ባቡር ሲነዱ የኖሩ፣ ሰማንያን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ባለቤቴ ዘነበች አንድ ልጃቸው ስለሆነች ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ወገባቸው ቁጭ ማለትን አይወድም፤ ሽንታቸው ደግሞ በየሩብ ሰዓቱ ይጠራቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው በሚኒባስ ሩቅ አገር አይሄድም። በየሩብ ሰዓቱ «ወራጅ አለ» ብሎ ወርዶ ተመልሶ የሚሳፈር መንገደኛን የሚታገስ ረዳት ገና አልተወለደም።

ጎረቤቶቼ መኪናዋን ሲያዩ ስም አላጡላትም። «ተንቀሳቃሽ ኮንዶሚኒየም» አሏት። ከአራተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቴ ብቻ በቅናት ዓይን አይተው፣ «ያንተዋ እንኳ ደረጃ የላትም» አሉኝ። ዘነበች ግን አላደነቀችም። «ሰው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል። አንተ አሁን ይቺ ምን ትወልድልህ ብለህ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እስከ ዛሬ የወለደችልኝ ጭስ ብቻ ነው።

አባባ ሞጆ ላይ ጓደኛ አላቸው፤ ኦቦ ቶላ ይባላሉ። ባቡሩ በነበረበት ዘመን ሞጆ ጣቢያ ሐዲድ የሚቀይሩና በአረንጓዴ ጨርቅ «እለፍ» ብለው ባቡሩን የሚያሳልፉ ሠራተኛ ነበሩ። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ሁለቱ ሽማግሌዎች በአካል ተገናኝተው አያውቁም። በየጠዋቱ ግን በስልክ ያወራሉ። የሁለቱም ጆሮ ስለደከመ እንዴት እንደሚጮኹ ብትሰሙ፣ ስልኩ ለወጉ ያህል እንጂ ባይኖርም የሚሰማሙ ይመስላችኋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጩኸቱ በመሐል ቀጥ አለ። ብቅ ብዬ ሳይ አባባ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ግድግዳ ያያሉ።

«ምነው አባባ?»

«ቶላን ልጁ ልትወስደው ነው። አሶሳ። በሚመጣው ሰኞ።»

«ታዲያ ደግ አይደል? ከልጃቸው ጋር...»

«ደግ ነው» አሉ። ከዚያ ምሳ አልበሉም።

ዘነበች ወጥ ቤት ጎትታ አስገባችኝና በሩን ዘጋች። «አንተ ሰውዬ፣ ያቺን ቤትህን የምታስነሳት ከሆነ አሁን ነው። አሶሳ ከሄዱ እነዚህ ሰዎች በዚህ ዕድሜያቸው መቼም አይገናኙም።»

ወጣሁና ለአባባ፣ «ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሞጆ እንገባለን» አልኳቸው። አባባ ስልኩን አንስተው፣ «ቶላ! ሐሙስ! አራት ሰዓት!» ብለው ጮኹ። ልብ በሉ፤ የባቡር ሰው አራት ሰዓት ካለ አራት ሰዓት ነው። ከአምስት ደቂቃ በፊት ቢደርስም ያፍራል።

መኪናዋ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጎደላት። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ተሰባብሮ ነበር። ሳሪስ ወርጄ ከድር ከሚባል መለዋወጫ ነጋዴ ሱቅ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ያገለገለ ማራገቢያ ገዛሁ። ከድር ዕቃውን በካርቶን እያሰረልኝ፣ «ማን ነው የሚገጥመው ጋሼ?» አለኝ።

«እኔ ራሴ።»

ካርቶኑን ማሰሩን ትቶ አየኝ። «ዕቃው ደህና ነው፤» አለ፤ «ለሌላው አላህ ያግዝዎት።»

ቅር አለኝ። እኔ እኮ አቃቂ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ማራገቢያው ያለው ሁለት ሽቦ ነው፤ ሁለቱም ጥቁር። ሃያ ስድስት ዓመት ስለ ኤሌክትሪክ ያስተማረ ሰው ሁለት ሽቦ ለማገናኘት ባለሙያ ይጥራ? አገናኘሁት። ቁልፉን ስከፍተው ዞረ።

«ዞረ!» ብዬ ጮህኩ።

ዘነበች ከበረንዳ ብቅ አለች። «ማን? አንተ?»

«ማራገቢያው!»

«እሱስ ደግ ነው» ብላ ተመለሰች።

ሐሙስ ማለዳ ተነሳን። አባባ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ የኪስ ሰዓታቸውን ይዘው አልጋው ላይ ጋደም አሉ። ከአልጋው እስከ መጸዳጃው ሦስት እርምጃ ነው። «አሁን ይሄ ነው የሰው ልጅ ጉዞ!» አሉ። ዘነበች አጠገቤ ተቀመጠች። ብሎካችን በሙሉ በረንዳ ወጥቶ ሸኘን።

እስከ ቱሉ ዲምቱ በሰው ብዛት እየተንቀራፈፍን ሄድን። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ መሐል ላይ ጨዋ ሆና ተቀመጠች። አደባባዩን አልፈን መንገዱ ሲከፈት ነዳጅ ረገጥ አደረግኩ። ያኔ መርፌዋ መነሳት ጀመረች። ባላየ አለፍኳት። ተነሳች፣ ተነሳች፣ ቀዩን ነካች፤ ቀጥሎ ከፊት ለፊታችን ነጭ እንፋሎት ፏ ብሎ ወጣና መንገዱን ጋረደብኝ።

ዘነበች፣ «በሞትኩት! ምድጃውን ሳላጠፋ ነው የመጣሁት!» ብላ ወደ ኋላ ወደ ወጥ ቤቱ ሮጠች። ይሄ እንግዲህ ወጥ ቤት ያለው መኪና ጣጣ ነው፤ ጭስ ባያችሁ ቁጥር ሁለት ተጠርጣሪ አለ።

መንገድ ዳር አቆምኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔም በወሬ ነው ያጣራሁት። መጋረጃ ያለው መስኮት፣ ከመስኮቱ ጀርባ የተኛ ሽማግሌ፣ ከፊት ደግሞ ጭስ ያየ መንገደኛ፣ «ቤቱ ተቃጠለ! ሰው አለበት!» ብሎ ጮኸ። የአገራችን ሰው ደግሞ ለእሳት ሲሉት ፈጥኖ ደራሽ ነው። አንድ ጉልበተኛ ሰውዬ ከየት እንዳመጣው ያልታወቀ አንድ ባልዲ ውሃ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ደፋው። ውሃው በሙሉ አባባ ላይ አረፈ።

«ዝናብ ነው?» አሉ አባባ ከነክራቫታቸው ተነስተው።

«አይ አባባ፣ ሞተሩ ፈልቶ ነው።»

«ከፈላ አትንካው! እንዳትከፍተው!»

እኔ ግን ኮፈኑን ከፍቼ፣ ዙሪያዬን የከበበውን ሕዝብ ሳይ የማስተማር አመሌ ተነሳብኝ። «አያችሁ፣» አልኩ፣ «ውሃ ታፍኖ ሲሞቅ ግፊት ይፈጥራል። ስለዚህ በዚህ ሰዓት የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ክልክል ነው፤ ምክንያቱም...» እያልኩ፣ እጄ ምን እንደነካው አላውቅም፣ በጨርቅ ይዤ ክዳኑን አዞርኩት። ሕጉን እያስረዳሁ ሕጉን የጣስኩ የመጀመሪያው መምህር ሳልሆን አልቀርም። የፈላ ውሃ ከሰው ቁመት በላይ ተተኮሰ። ክዳኑ ጣሪያው ላይ ወጣ። እኔ ወደ ኋላ ዘልዬ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ፤ የተቀመጥኩት ግን የአንዲት ነጋዴ ሴት ቲማቲም ላይ ነው።

ሴትየዋ ቆጣ ብላ፣ «አባቴ፣ ለመቀመጫ ሌላ አጡ?» አለችኝ። ሱሪዬን እየጠረግኩ ቲማቲሙን ገዛኋት። ሦስት ቀን ስልስ በላን።

አባባ እርጥብ ሸሚዛቸውን ለብሰው ስልክ ደወሉ። «ቶላ! ዛሬ አይደለም! ነገ ነው!»

አርብ ጠዋት መኪናዋን ይዤ አቃቂ ብሩክ ጋራዥ ሄድኩ። ብሩክ አሥረኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ሆዱን ቱታ አልችል ብሎታል። «ቲቸር!» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ከዚያ ሞተሩ ላይ አጎነበሰ። የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አወጣና፣ «ይሄ ለበረዶ አገር ነው፣ እኛ ጋ ምን ይሠራል?» ብሎ ኪሱ ከተተው። ራዲያተሩን አጠበው። የግማሽ አፍሪካ አፈር ወጣ፤ ቀይ አለ፣ ግራጫ አለ፣ ጥቁር አለ። ፈረንጆቹ ያለፉባቸውን አገሮች ከጭቃው ቀለም መቁጠር ይቻል ነበር። ቀጥሎ ማራገቢያው ጋ ደረሰና ቀና አለ።

«ይሄን ማን ገጠመው?»

«እኔ።»

«እንግዲያማ ቲቸር ከገጠሙት እኔ አላየውም» ብሎ አለፈው።

እንዲህ ነው አክብሮት። በዓለም ላይ ስንት ጥፋት በአክብሮት ታልፎ እንደቀረ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

ሞተሩን አስነስቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆማ እንድትሠራ አደረጋት። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። «መኪናዋ ጤነኛ ናት ቲቸር፤» አለ እጁን እየጠረገ፤ «ምናልባት እርስዎ ተጨንቀው ይሆናል።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ካሊቲ ላይ መንገዱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ፀሐዩ ይፋጃል፣ መኪናው አይንቀሳቀስም። በግራ አንድ ገልባጭ መኪና ፈልቶ ቆመ። በቀኝ አንዲት ሚኒባስ ኮፈኗን ከፍታ ትተነፍሳለች። የእኔዋ መርፌ መሐል ላይ፣ ፈተና እንደጨረሰ ጎበዝ ተማሪ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። እንዲህ ያለ ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም። የሚኒባሱ ሾፌር ውሃ ፍለጋ ሲንከራተት አይቼ መስኮቴን አወረድኩና ያለችኝን ጄሪካን ውሃ አንስቼ ሰጠሁት።

«ለእርስዎስ?» አለኝ።

«ለእኔዋ አያስፈልጋትም» አልኩት፤ ድምፄ እንኳ ወፍሮ ነበር።

መንገዱ ተከፈተ። ሁላችንም ነዳጅ ረገጥን። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልሄድ መርፌዋ እንደ ሮኬት ወጣችና እንፋሎቱ ፏ አለ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ውሃ የለኝም። ያቺ ሚኒባስ አጠገቤ ስትደርስ ረዳቱ ከበሩ ተንጠልጥሎ፣ «ፋዘር! ሻይ ፈላ እንዴ?» አለኝ። አልፈው ሄዱ ስል ወደ ኋላ ተመለሱ። ሾፌሩ ጄሪካኗን አቀበለኝ። «ግማሹ አለ፤» አለ፤ «እኛ ቆመን ስንፈላ እርስዎ ይስቃሉ፣ እኛ ስንሄድ እርስዎ ይፈላሉ። ምን ዓይነት መኪና ነው?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። የሰው ሁሉ መኪና ቆሞ ይፈላል፣ ሲሄድ ነፋስ ያገኛል፣ ይቀዘቅዛል። የእኔዋ ቆማ ትቀዘቅዛለች፣ ስትሄድ ትፈላለች። ይሄን ነገር ማንም የፊዚክስ ተማሪ ቁጭ ብሎ ቢያስብበት መልሱን ያገኘዋል። እኔ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የደረስኩበት ድምዳሜ፣ «መኪናዋ መሄድ አትወድም» የሚል ነበር።

ቅዳሜ አባባ ከአልጋ አልተነሱም። ወገባቸውን እንዳላመማቸው ዘነበች ታውቃለች። ጠዋት ስልኩ ጠራ፤ ኦቦ ቶላ ናቸው። አባባ ስልኩን እያዩት አላነሱትም።

«አባባ፣ አያነሱትም?»

«ምን ልበለው?» አሉ። «ሐሙስ አልኩት፣ አርብ አልኩት። ባቡር ስነዳ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አድርጌው አላውቅም።»

ያን ጊዜ ዘነበች እኔን አላየችኝም። ብታየኝ ይሻል ነበር። ብሎካችን ውስጥ የመድኃኒት አዋቂው በዝቶ፣ አንዱ ራዲያተሩ ውስጥ እንቁላል ምታበት ይለኛል፣ ሌላው እርድ ይጨመር ይለኛል፣ አንዲት እናት ደግሞ ጠበል ይዘውልኝ ወርደዋል። ጠበሉን ተቀበልኩ። እንቁላሉን ጠብሰን በላነው።

ወደ ብሩክ ደወልኩ። «ቲቸር፣ አንድ መላ አለ፤» አለኝ፤ «የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። የሞተሩን ሙቀት ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ሞተሩ ይቀዘቅዛል፣ እናንተ ትሞቃላችሁ። ደግሞ ከፈላች ድንገት አያጥፏት፤ ቆማ ትሥራ።»

እሑድ ማለዳ አባባን ለምነን አስነሳን። ክራቫቱን አሰሩ፤ ስልክ ግን አልደወሉም። ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፍቼ ወጣሁ። ገላን ሳንደርስ መኪናዋ ዳቦ መጋገሪያ ሆነች። መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትን፤ ምንም ለውጥ የለም። ዘነበች ነጠላዋን ጣለች፣ ሹራቧን ጣለች፣ በመጨረሻ ጫማዋን አውልቃ እግሯን በመስኮት አወጣች። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ውስጥ እግሯን በመስኮት ስታወጣ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከኋላ የአባባ ድምፅ መጣ፤

«ድሬዳዋ ደረስን እንዴ?»

«ገላን ነን አባባ!»

«ሙቀቱማ የድሬዳዋ ነው!»

ከገላን አለፍን። ተስፋ አደረግኩ። መርፌዋ ግን ቀስ ብላ፣ እንደ ሌባ፣ ወደ ቀዩ ተጠጋች። ዱከም ልንገባ ስንል እንፋሎቱ ወጣ። ዳር ያዝኩና ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምኩ። ራሴን መሪው ላይ ደፋሁ። ነገ ኦቦ ቶላ አሶሳ ናቸው፤ እኛ ዱከም ነን፣ ያውም ተቀቅለን።

አባባ በላብ ርሰው ቀስ ብለው ወረዱ፤ እኔም ወርጄ ከመኪናዋ ፊት ቆምኩ። መሀረባቸው ጭምቅ ብሎ ውሃ ሆኗል። በእጅ መታጠቢያው ለቅለቅ አድርገውት ነበርና ሊያሰጡት ፈለጉ። ወደ መኪናዋ ፊት ዞረው ከራዲያተሩ ፊት ያለው ፍርግርግ ላይ አስጠጉት። መሀረቡ ተነስቶ በረረና መጥቶ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ወስደው እንደገና አስጠጉት። እንደገና በረረ።

«አስተማሪው፣» አሉ አባባ፣ «ይሄ ማራገቢያ ነፋሱን ወዴት ነው የሚወስደው?»

«ወደ ውስጥ ነዋ አባባ። ከፊት ነፋስ ይስብና በራዲያተሩ አሳልፎ ወደ ሞተሩ...»

«ታዲያ መሀረቤን ለምን ይገፋዋል?»

እጄን ከፍርግርጉ ፊት አደረግኩት። የሞቀ ነፋስ ወደ ውጭ ይነፍስብኛል። ማራገቢያው የሚዞረው በግልባጩ ነው! መኪናዋ ስትቆም ወደ ፊት ይነፍሳል፤ ወደየትም ይንፈስ፣ ነፋስ ነውና ያቀዘቅዛል። ስትሄድ ግን የመንገዱ ነፋስ ከፊት ይመጣል፣ የእኔው ማራገቢያ ደግሞ ከውስጥ ይገፋዋል። ሁለቱ ራዲያተሩ ላይ ግንባር ለግንባር ተያይዘው አንዱ ሌላውን አላሳልፍም ይላል። በመሐል ቤቴ ትፈላለች።

ሁለት ጥቁር ሽቦ። አንዱ የሌላው ቦታ ገብቷል።

ዘነበች መቀሷን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ሽቦዎቹን ቆርጬ ቦታቸውን አቀያየርኩና በፕላስተር ጠቀለልኳቸው። ጠቅላላ ሥራው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። አስነሳሁት። አባባ መሀረቡን ወደ ፍርግርጉ ወረወሩት፤ ጧ ብሎ ተለጠፈ፣ እንደ ምርጫ ፖስተር።

መርፌዋ ወረደች። ዘነበች መርፌዋን አየች፣ ሽቦውን አየች፣ እኔን አየች።

«ሃያ ስድስት ዓመት» አለች።

ለብሩክ መደወል ግዴታዬ ነበርና ደወልኩ። ነገርኩት። ሳቁን በእጁ አፍኖ እንደያዘ አውቃለሁ፤ ክፍል ውስጥም እንደዚሁ ነበር።

«ቲቸር፣» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ ፈተና ላይ ይቺኑ ስስት በቀይ እስክሪብቶ ‹ደግመህ አጥና› ብለው ጽፈውብኝ ነበር።»

«ትዝ ይለኛል።»

«ታዲያ ምን ልበልዎት?»

«እሷኑ በለኝ» አልኩት።

ከዱከም በኋላ ያለው መንገድ ሠርግ ነበር። ማሞቂያው ተዘጋ፣ ነፋሱ ገባ፣ ቢሾፍቱን አለፍን፤ አባባ በየሩብ ሰዓቱ ሦስቱን እርምጃ እየተራመዱ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ከመጸዳጃው ሆነው የየቦታውን ስም ይጠራሉ። ሞጆ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ገባን።

ኦቦ ቶላ ከግቢያቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ኮት ለብሰዋል፤ ከጎናቸው የታሰረ ሻንጣ አለ። ቀጭን፣ ረዥም ሽማግሌ ናቸው። ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ እዚያው ወንበር ላይ እንደሚውሉ ጎረቤት በኋላ ነገረን። አባባ ከመኪናዋ ሲወርዱ ኦቦ ቶላ አልተነሱም። የእጅ ሰዓታቸውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩ።

«ሦስት ቀን ከሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ዘግይተሃል» አሉ።

አባባ ቀጥ ብለው ቆሙ። «መስመሩ ላይ ከብት ነበር» አሉ።

ከብቱ ማን እንደሆነ ለመረዳት ፊዚክስ አያስፈልግም። ግን ስሜን አልጠሩም፤ ለዚህ አማቴን እስከ ዕለተ ሞቴ አመሰግናቸዋለሁ። ከዚያ ኦቦ ቶላ ተነሱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቀፉና እንደተቃቀፉ ቆዩ። ጆሮ ለጆሮ ገጥመውም እየጮኹ ነበር የሚያወሩት።

ምሳ በላን። ኦቦ ቶላ መኪናዋን ልያት ብለው ገቡ። አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ተነሱ፣ መጋረጃውን ከፍተው ዘጉ፣ መጸዳጃውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወርቁ፣ አንድ ነገር ታውቃለህ?» አሉ። «ያን ሁሉ ዘመን ባቡር አሳለፍኩ እንጂ አንድም ቀን ተሳፍሬ አላውቅም። ሥራዬ ጣቢያው ላይ ነው፣ ቤቴ ጣቢያው ጎን ነው። የት እሄዳለሁ?»

አባባ ይሄን አያውቁም ነበር። ደነገጡ። ከዚያ ወደ ዘነበች ዞሩ። ዘነበች ወዲያው ለኦቦ ቶላ ልጅ ደወለች፤ ቀጠሮው ጎረቤቶች ሰኞ ማለዳ በሚኒባስ አዲስ አበባ ሊያመጡላት ነበር። አሁን ግን ኦቦ ቶላ ከእኛ ጋር ሄደው፣ እኛ ዘንድ አድረው፣ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያ ሊገናኙ ተስማማን። ሻንጣው ተጫነ።

ከሰፈራቸው ወደ ዋናው መንገድ መውጫው ላይ የጭነት መኪና ሰልፍ ጠበቀን። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል፤ የእኔን ለመሰለች ረዥም ቤት መግቢያ የሚሰጥ የለም። ኦቦ ቶላ፣ «ቆይ» ብለው በሩን ከፈቱ። የዘነበችን ቀይ ሻርፕ ከወንበሩ ላይ አንስተው ወረዱ። መንገዱ ዳር ቆመው ሻርፑን ወደ ላይ ሲዘረጉት፣ እመኑኝ፣ ያ ሁሉ ባለ ተሳቢ መኪና ፍሬን እየጮኸበት ቆመ። ኦቦ ቶላ ሻርፑን አጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉና በሌላው እጃቸው ወደ እኔ አውለበለቡ።

«እለፍ!»

አለፍኩ። ማርሽ ቀየርኩ፣ መርፌዋን አየሁ፤ መሐል ላይ ናት። ደስታ ሊገድለኝ ነው። አባባ ከኋላ፣ «ቁም! ቁም!» እያሉ ሲጮኹ የፈላች መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ቶላ የለም!»

በስፖኪዮ ሳይ ኦቦ ቶላ መንገዱ ዳር ቀጥ ብለው ቆመው እየሄድን ያዩናል። ዞሬ ተመለስኩ።

«ኦቦ ቶላ! ምነው ቀሩ?»

ሽማግሌው እንደ መንቃት አሉ። «ልማድ ነው ልጄ» አሉ አፍረው። «ሲያልፍ ቆሜ ማየት ነው የማውቀው።»

አባባ ወገባቸውን ይዘው ወረዱ። ሻርፑን ከኦቦ ቶላ ብብት ሥር መዘዙት።

«ግባ» አሏቸው። «ዛሬ እኔ ነኝ የማሳልፍህ።»

ኦቦ ቶላ ገቡ። ወደ አልጋው አልሄዱም፤ ከኋላዬ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ። አባባ ወገባቸውን አቅንተው፣ ሻርፑን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ እጃቸውን አነሱ። ባቡር ጣቢያ ሙሉ ሰው የሚሰማው ድምፅ ነበር፤

«እለፍ!»

ነዳሁ። በስፖኪዮ የኦቦ ቶላ ፊት መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ይታየኛል፤ እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ይሳቁ ያልቅሱ መለየት አልቻልኩም። ዘነበች ዓይኗን ትጠርጋለች። አሁን ልቁም አሁን ልቁም እያልኩ አልቆምኩም። በመጨረሻ ዘነበች፣ «አንተ፣ አባቴን!» ስትለኝ ነው ዳር የያዝኩት። አባባ በሩቁ አንዲት ቀይ ነጥብ ሆነዋል፤ ከኋላቸው የጭነት መኪኖቹ ክላክስ ያጮኻሉ። ልመለስ ማርሽ ሳስገባ ኦቦ ቶላ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

«ትንሽ ቆይ ልጄ» አሉኝ። «ሲያልፉት እንዴት እንደሆነ እሱም ይየው።»